ተዝካሩ የተበላለት ሰው

ተዝካሩን በልቼ የተመለስኩለት ሰው ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤቴ ገባ።

ሰኔ የገባ ሰሞን ነበር። ደብረ ማርቆስ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ሲወርድባት ውሎ የደጃፋችን ቦይ ሞልቶ ነበር። እኔ ባንኮኒው ጋ ሆኜ የሐኪም ማዘዣ ለማንበብ እየታገልኩ ነው። የዶክተሮችን ጽሕፈት መቼም ታውቁታላችሁ፣ ቀና ለማለት ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት ሳይሆን የሰማሁት ነው፤ የሃኒን ጩኸት።

ሃኒ ረዳቴ ናት። እጇ ላይ የነበረውን የሳል ሽሮፕ ጥላ "በስመ አብ፣ በስመ አብ" እያለች ወደ ኋላ ስትሸሽ መደርደሪያው አቆማት። ቀና አልኩ። በሩ ላይ ደምለው ቆሟል። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። ፊቱ ላይ የወረደውን ውሃ በመዳፉ ጠረገው።

"እንደምን ዋልሽ ዘመናይ?" አለ።

አልጮህኩም። አልወደቅኩም። ማዘዣውን አጥፌ አስቀመጥኩና፣ "መጣህ?" አልኩት። ከገበያ የተመለሰ ሰው የምቀበል ነበር የምመስለው።

ያቺን ቃል እስካሁን እረግማታለሁ። እጮኛዋ ሞቶባት ስምንት ወር ጥቁር የለበሰች ሴት የሞተው ሰው በሩ ላይ ሲቆም "መጣህ?" አትልም።

ሃኒን ወንበር ላይ አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋት፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ለመንኳት። ምስጢር ሆዷ ውስጥ የሚቆየው ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንደሆነ ባውቅም ለመንኳት። በሩን ቆልፌ ደምለውን ወደ ኋላ፣ መድኃኒት ወደምናከማችበት ክፍል ወሰድኩት። ወንበር የለም፤ ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ከላያችን ቆርቆሮው በዝናብ ይጮሃል።

"መናኸሪያ ላይ ምናለን አገኘሁት" አለኝ፤ "የሰፈራችንን ልጅ። ላቅፈው ስጠጋ ሊሸጥ የያዘውን ዶሮ ለቆ ሮጠ። ቆይ እንጂ ደምለው ነኝ እለዋለሁ። 'ደምለውማ ሞቷል፣ ተዝካሩን ራሴ በልቻለሁ' ይለኛል፣ እኔው ፊት ቆሞ።" ሊስቅ ሞከረ። "በኋላ ሲረጋጋ ደግሞ፣ ጥሩ ድግስ ነበር አለኝ።"

እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

"እናቴ መንኩሳለች የሚለውስ? እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።  እጄን ላኩና ሳይደርስበት መለስኩት። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ግን ያየኝ በሌላ ዓይን ነው።

"አንቺ ግን አልደነገጥሽም" አለ። "ሃኒ ጮኸች፣ ምናለ ሸሸ። አንቺ መጣህ አልሽኝ። ቀለበቱንም አላወለቅሽውም። አገር ሙሉ ሲቀብረኝ አንዲት ሰው እንኳ መሞቴን አላመነችም ነበር ማለት ነው።"

በዚያ ዓይን ታይቼ አላውቅም። ግን ለእኔ አልነበረም፤ እሱ በልቡ ላሰባት፣ ተስፋ ሳትቆርጥ ለጠበቀችው ለሌላዪቱ ዘመናይ ነበር። ቀናሁባት።

*

እውነቱን ከእሱ በፊት ለእናንተ ልንገራችሁ።

ደምለው የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነው፤ የሮብ ገበያ ገበሬ ልጅ። እኔ ደግሞ የእህል ነጋዴው የአቶ አማረ ልጅ ነኝ። አባቴ ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። በሦስተኛው ቀለበት እንድናስር የፈቀደው እናቴ ስላኮረፈችው ብቻ ነው። "ያ የገበሬ ልጅ" ሲል እንጂ በስሙ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም።

ቀለበት ባሰርን በአምስተኛው ወር ደምለው በበጎ ፈቃድ ወደ ቻድ ሄደ። የላከው ከአዲስ አበባ የተነሣ የወንጌል አማኝ ሐኪሞች ማኅበር ነው። ከሱዳን ሸሽተው ድንበር ላይ የሰፈሩ ስደተኞችን ያክማሉ፣ የሚሰማቸው ካለም ቃሉን ያካፍላሉ። የቀዶ ጥገና ነርስ ጎድሏቸው ስለነበር ኦርቶዶክስም ቢሆን ይምጣ አሉ። እናቱ እትዬ ሥራነሽ፣ "የእኛ አገር በሽተኛ አለቀ ወይ?" ብለው ጠየቁት። ሰፈሩ ጴንጤ ሊሆን ነው ብሎ አወራ። እኔ፣ "ስድስት ወር ምን አላት፣ ሂድ" አልኩት። ሆደ ሰፊ ሴት መምሰል ፈልጌ ነበር።

በአራተኛው ወር ካምፑ ውስጥ ኮሌራ መግባቱን ጽፎ ላከልኝ። ከዚያ እኛ ጋ ኔትወርክ ጠፋ። መንገዱም አንድ ቀን ከተከፈተ ሦስት ቀን ይዘጋ ጀመር።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ድንች ሊጭን ሮብ ገበያ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር አንድ ሻንጣ አወረደ። ከቻድ የተመለሰ ሐኪም አዲስ አበባ ላይ ለእኔ እንዲያደርስ የሰጠው ነው። ሾፌሩ ማርቆስ ላይ መቆም ስላልቻለ ይዞት ወደ ላይ ወጣ፤ ሻንጣው ላይ የደምለው ስምና አገር ተጽፎበታል። የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ "ባለቤቱስ?" ብለው ጠየቁት። "እኔ ሻንጣውን እንጂ ሰውየውን አላውቀውም" አላቸው።

የሰው ልብስ ከባዕድ አገር ብቻውን ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር ለማንም አይጠፋም። ሬሳው የማይመጣ ሰው ልብሱ ይመጣል፤ በልብሱ ይለቀሳል። ሻንጣውንም ቀድሞ መክፈት ነውር ነው፣ የሚከፈተው ለቅሶው ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሞከሩ፤ አልሠራም። ኮሌራውን ሁሉም ሰምቷል። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሻንጣውን ይዘው እትዬ ሥራነሽ ደጅ ቆሙ። እትዬ ሥራነሽ በሩን ከፍተው ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ሻንጣውን አዩ። ማንም አንድ ቃል አልተናገረም፤ አላስፈለገም።

እኔ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ልብሶቹ አንድ በአንድ እየወጡ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ጋቢው፣ ሱሪው፣ ጥቁሩ ካፖርት። ጀርባው ላይ በፈረንሳይኛ የተጻፈበት የማኅበሩ ብርቱካንማ ካናቴራ ሲወጣ አስለቃሿ ግራ ገብቷት ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ በእሱም አስለቀሰችበት። እኔም አለቀስኩ። ያኔ ከልቤ ነው። ፀጉሬን የቆረጥኩትም ማንም ሳይነግረኝ ራሴ ነኝ።

በሣልስቱ ልብሱን ጠቅልዬ ላስቀምጥ ስል ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ ደብዳቤ ወጣ። በቃሌ ይዤዋለሁ፦

"ዘመናይ፣ ስድስት ወር ብዬሽ ነበር። ለሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ። እዚህን ሕዝብ ትቶ ለመሄድ የማን ልብ ይችላል? ጓደኞቼ ቁስል ማጠብ ከመጀመራቸው በፊት በጊታር ይዘምራሉ፣ እኔ ጥግ ይዤ አማትባለሁ፣ የሳቀብኝ የለም። ልብሱን የላክሁት እዚህ ሙቀት ስለሆነና ማስቀመጫ ቦታም ስለሌለኝ ነው። ለእናቴ አንቺ ንገሪያት፤ ከአንቺ አፍ ስትሰማው ይቀልላታል። አንቺን ግን ጠብቂኝ የማለት ፊት የለኝም። ቀለበቱን ብትመልሺ አልቀየምሽም። ደምለው።"

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ምስክሬ እግዚአብሔር ነው። በሕይወት አለ። ወደ ድንኳኑ ሁለት እርምጃ ሮጫለሁ። ሦስተኛው ላይ ያ "ፊት የለኝም" የሚለው ቃል ያዘኝ።

ድንኳኑ ውስጥ አባቴ ተቀምጧል። ያ ኩሩ አቶ አማረ በገበሬ ግቢ ሣር ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ቦታ ይለቁልኛል፤ እጮኛዋ የሞተባት ልጅ ነበርኩ። ወረቀቱን ካነበብኩላቸው እጮኛዋ የተዋት ልጅ እሆናለሁ፤ ጥላት ለሄደ ወንድ ፀጉሯን የቆረጠች፣ ሦስት ቀን መሬት ላይ የተንከባለለች። የማርቆስ ሴቶች ሳቅ ከዚያው ሆኜ ተሰማኝ። ሰባቱ ይለፍ ብዬ ደብዳቤውን ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰባቱ ሲያልፍ፣ አርባው ይለፍ አልኩ።

በአርባው ካህናቱ የክርስትና ስሙን፣ ገብረ ሚካኤልን፣ ከሙታን ጋር ሲጠሩ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ጥዬ ቆሜያለሁ። እንባ አልነበረም። ስሙ በተጠራ ቁጥር ከኋላዬ የሚተነፍስ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ። ድግሱ ሲቀርብ በላሁ፤ ካልበላሁ ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው።

በአርባው ማግስት እትዬ ሥራነሽ መሬታቸውን ለዘመድ፣ ስልካቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ቆብ ጫኑ። እማሆይ ወለተ ሐና ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልናገር? የተጫነ ቆብ አይወርድም። ታኅሣሥ ላይ ደብዳቤውን አቃጠልኩት።

ሞቶ ቢሆን ይተወኝ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ግን ይርበዋል፣ ይታመማል፣ ይናፍቃል፤ ይህንን ደግሞ ከሰው ሁሉ እኔ ብቻ አውቃለሁ። የመድኃኒት ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር እሱ የገባ ይመስለኝ ነበር። ደረጃ ላይ ኮቴውን እሰማለሁ፤ ወጥቼ ሳይ ማንም የለም። አባቴ ፎቶውን በትልቅ ፍሬም አሠርቶ ሳሎናችን ውስጥ ሰቀለው። በሕይወቱ በወጉ ቤታችን ያልገባ ሰው ሞቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ቦታ አገኘ። ራት ስበላ ያየኛል።

የካቲት ላይ ኔትወርኩ ተመለሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ፤ በ235 የሚጀምር የቻድ ቁጥር ነው። ሃኒ፣ "ኧረ አንሺው" አለችኝ። እጄ ላይ ይዤው ጠርቶ ጠርቶ እስኪያበቃ አየሁት። ከዚያ ሲም ካርዱን አወጣሁት። ሬሳ ስልክ አይደውልም፤ እኔ ደግሞ እሱን ሬሳ አድርጌዋለሁ።

*

"ደብዳቤዬ አልደረሰሽም፣ አይደል?" አለኝ ደምለው ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጠ።

መልሴን እንኳ አልጠበቀም። መንገዱን ራሱ ጠረገልኝ።

"ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር ያደረግኩት። ሞኝ ነኝ። እንደዚያ ለቅሶ ላይ ሲንከራተት ወድቆ ነው፣ ወይም ካፖርቱ ለደሃ ተሰጥቶ። እግዚአብሔር ነው የሰወረው። ሻንጣው በሄደ በሳምንቱ ጸጸተኝ፤ ግን ሌላ ደብዳቤ በማን በኩል ልላክልሽ? ከዚያ ኅዳር ላይ ኮሌራው እኔንም ጣለኝ። ሦስት ቀን ራሴን አላውቅም ነበር። ግሉኮስ የሰካችልኝ ልጅ ናት በኋላ የነገረችኝ። 'ስምህን ስንጠራህ አቤት አትልም፤ ሌላ ቦታ የሚጠሩህ ይመስል ወደ በሩ ብቻ ታያለህ' አለችኝ።"

"ኅዳር ስንት ነበር?"

"ኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው የባሰብኝ። ለምን?"

አርባው የወጣው ኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። "እንዲያው ነው" አልኩት። 

"ስነቃ የፈለግኩት አንቺን ነበር" አለ። "ቀለበቱን መልሺ ብዬ በጻፍኩበት እጄ አፈርኩ። የካቲት ላይ ደወልኩ፣ አልተነሣም፤ የእናቴም ስልክ አልሠራም። ፈቃድ እንደሰጡኝ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅሽ መጣሁ። ደብዳቤው ካልደረሰሽ ግን የምጠይቅሽ ይቅርታም የለም ማለት ነው። አሥራ አምስት ቀን አለኝ። እናቴን እንይ፣ ፈቃድሽ ከሆነ እንጋባ፣ አብረን እንሂድ። እዚያ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ቢያገኙ በምርቃት ያጥለቀልቁሻል።"

"አልደረሰኝም" የምትል አንዲት ቃል ናት። ከእሷ ወዲያ ሠርግ አለ፣ ጉዞ አለ፣ ልጆች አሉ። ደብዳቤው አመድ ሆኗል፤ ምስክር የለም። እወደው ነበር። በተናደድኩበት ቀን ሁሉ እወደው ነበር፤ ያን ዕለት ደግሞ ከስቶና ጠቁሮ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ሳየው አንጀቴን በላው።

ግን የሚያገባው እኔን አልነበረም። ያቺን ሌላዪቱን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በእሷ ስም ስጠራ፣ በእሷ ምክንያት ስወደድ ልኖር ነው። ስምንት ወር በሕይወት ያለ ሰው መንፈስ ሆኖ ተከተለኝ፤ አሁን ደግሞ እኔ ራሴ መንፈስ ሆኜ አጠገቡ ልተኛ ነው።

"ደርሶኛል" አልኩት።

"ምኑ?"

"ደብዳቤው። በሣልስቱ እኔ ነኝ ያገኘሁት።"

መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ የቀለድኩ መስሎታል። ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ቀስ እያለ ሄደ።

"ለማንም አልተናገርኩም" አልኩ። "ስልኩንም አይቼዋለሁ። ሆን ብዬ ነው ያላነሣሁት።"

"ለምን?"

"ትተኸኝ ነበር። ሞተህ ስትቀር ሰው ያከብረኛል፣ ትተኸኝ ስትቀር ይስቅብኛል። መረጥኩ።"

"አርባዬ ሲወጣ እዚያ ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"ቆቡን ሲጭኑላትስ?"

"ጧፍ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።"

ተነሣ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ የሚሄድበት ቢያጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት መልስ አለው። ሲናገር ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን አውቃለሁ። ግን እኔ የተውኩት አንቺን ነው። እናቴን አልተውኩም። ንገሪያት ብዬሽ ነበር።"

ጣቴ ላይ ያለውን ቀለበት አዞርኩት።

"ነገ አብረሽኝ ትወጫለሽ" አለ። "አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። እኔን ከማየቷ በፊት ነው የምትነግሪያት። ካየችኝ በኋላማ ምንም ብትዪያት ይቅር ትልሻለች፤ በደስታ ብዛት ይቅር እንድትልሽ አልፈልግም።"

"ይቅር ባትለኝስ?"

"አላውቅም" አለ። "ዛሬ ስለ አንቺ የማውቀው አንድም ነገር የለም።"

ወጥቶ ሄደ። ካርቶኑ ላይ የተቀመጠበት ቦታ ረጥቦ ነበር። እስኪደርቅ ድረስ ከዚያ ክፍል አልወጣሁም።

*

በማለዳ እንዳንደርስ ተጠንቅቀናል። በእኛ አገር ጎሕ ሲቀድ በር የሚያንኳኳ ሰው ይዞት የሚመጣው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። አራት ሰዓት ላይ በሚኒባስ ተነሣን። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ስቦታል፤ ያም ሆኖ አንዲት ሴትዮ አተኩረው አይተውት፣ ሦስት ጊዜ አማትበው መቀመጫ ቀየሩ። መስኮቱ ላይ ፊቱን ሳየው እንባው ይወርዳል። መሐረብ ልስጠው አልልም ነገር፣ ምኑ ነኝ ብዬ?

ቤተ ክርስቲያኗ ከሮብ ገበያ ከፍ ብላ ናት። ጉም ከጮቄ ተራራ ወርዶ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸው ነበር። ደምለው ከቅጽሩ በር ውጪ ቆመ።

"ግቢ" አለኝ።

እማሆይ ወለተ ሐና ጎጆአቸው ደጃፍ ላይ፣ ክዳኑ ከዝናብ በሚከልለው በኩል ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ገብስ ይለቅማሉ። ከአምስት ወር በፊት ካየኋቸው አንሰዋል፤ ቆቡ ግንባራቸውን ሸፍኖታል።

"ዘመናይዬ" አሉኝ። ልጃቸውን አብሬያቸው ከቀበርኩ ወዲህ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። "ምነው በዝናብ? ነይ ከጭቃው ውጪልኝ።"

ከጭቃው አልወጣሁም። እዚያው ተንበረከክሁ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም እማሆይ።"

"ታዲያ ምን ያንበረክክሻል?"

"ማንም ስላልሞተ ነው።"

ገብስ የሚለቅመው እጃቸው ቆመ። ነገርኳቸው። ደምለው በሕይወት እንዳለ፣ ከሣልስቱ ጀምሮ እንደማውቅ፣ ደብዳቤው ንገሪያቸው ይል እንደነበር፣ ጧፉን ይዤ ስቆም ደብዳቤው ጉያዬ ውስጥ እንደነበር ነገርኳቸው። ስልኩንም አልደበቅኩም። ለራሴ የሚያደላ ቃል አፌ ላይ በመጣ ቁጥር ዋጥኩት። ሰፌዱ ጭናቸው ላይ ቀስ ብሎ ዘመመና ገብሱ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ አላዩትም።

"የት ነው ያለ?" አሉ ስጨርስ።

"ከቅጽሩ በር ውጪ ቆሟል።"

ይሮጣሉ ብዬ ነበር። አልሮጡም። ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ፤ ከዚያ እንደ ምንም ብለው ወደ እኔ መለሱት። ያንን ዓይን ለመመለስ ብዙ ጉልበት ፈጀባቸው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉኝ። "እኔ ስምንት ወር የጸለይኩ ለነፍሱ ነው። ነፍሱን ማርልኝ፣ በአብርሃም አጠገብ አኑርልኝ ስል ነው የከረምኩ። ከበሽታ ጠብቅልኝ፣ ከክፉ ሰውርልኝ፣ በደኅና መልስልኝ አላልኩም። ለሞተ ሰው እንዲያ አይባልም። በሕይወት መኖሩን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንቺ ጸለይሽለት?"

ለእርግማናቸው ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። አዎ ብላቸው ያምኑኝ ነበር፣ ምናልባትም ያቅፉኝ ነበር። እሱ ኅዳር ሚካኤል ዕለት ታሞ ወደ በሩ ብቻ ሲያይ ታየኝ።

"አልጸለይኩም እማሆይ። ተቀይሜው ነበር።"

"አንድ ቀን እንኳ?"

"አንድ ቀን እንኳ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዝናቡ ክዳኑን ሲመታ፣ ከሩቅ የሆነ ሰው በሬ ሲጣራ ይሰማኛል።

"እንግዲያ ልጄ ማንም አልነበረውም" አሉ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት።

 ጉልበቴ ስር ውሃ ሰረገ። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀመጡና ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

"ተነሺ" አሉኝ። "መንገዱ ያዳልጣል። ያዢኝ።"

እጃቸውን ያዝኩ። ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። በጉሙ ውስጥ ቀስ እያልን ወረድን። ደምለው እናቱን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ቆቡን ሲያይ ተንበረከከ።

እማሆይ እልል አላሉም። ነፃ በሆነው እጃቸው ራሱን ነኩት፣ ጆሮውን፣ ጉንጩን፣ አንገቱን። የጠፋ ከብት ሲመለስ ጉዳት እንዳለው እንደሚፈተሽ ትከሻውን ወደ ታች ዳበሱት።

"ትሞቃለህ" አሉት።

"እማ" አለ፣ "ቆቡ፣ በእኔ ምክንያት..."

"ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልመልስም። ለሞትህ ብዬ ነበር የሰጠሁት፤ ለሕይወትህ ይሁንልህ።"

እጄን ቀስ ብዬ ላስለቅቅ ሞከርኩ። ይህ የእነሱ ነው፣ የእኔ ቦታ አይደለም። እማሆይ ግን አጥብቀው ያዙኝ።

"ነገረችሽ?" አለ ደምለው መሬት መሬት እያየ።

"ሁሉንም ነግራኛለች።"

"ይቅር አልሻት?"

"ገና ነኝ" አሉ እማሆይ። "አንተም አትቸኩል። እጇ ግን በረዶ ሆኗል። ሹራብህን ስጣት።"

ደምለው መጀመሪያ እናቱን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ሹራቡን አወለቀና ዘረጋልኝ። ዓይናችን ተገጣጠመ። ትናንት በዝናብ ውስጥ መጥቶ ያየኝ ዓይን አልነበረም፤ ያቺ ሌላዪቱ ዘመናይ ከውስጡ ወጥታ ሄዳለች። የሚያየው እኔን ነበር። ያየውን ይውደደው ይጥላው ፊቱ አልነገረኝም።

ሹራቡን በአንድ እጄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። የገላውን ሙቀት እንደያዘ ነው። በሕይወት መኖሩን ስምንት ወር ሙሉ አውቅ ነበር፤ የገባኝ ግን ያኔ ነው። እማሆይ ሌላውን እጄን እንደያዙት እዚያው ጉሙ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም።